የያሬሊስ አንዲት ቃል

ሚግዳሊያ ልጇን ለምርመራው ቀን ያሰናዳቻት እንደ ሚዜ ነበር። ጸጉሯን አለስልሳ ሁለት ጉንጉን አደረገችላት፤ ለፋሲካ የተገዛውን ቢጫ ቀሚስ ተኩሳ አለበሰቻት፤ ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ሳበችላት። በሚኖሩበት በኦሮኮቪስ ተራሮች ድህነት ማንንም አያሳፍርም፤ ልጅን አዝረክርኮ መንግሥት ቢሮ ይዞ መግባት ግን ዘር ማንዘርን ያሰድባል።

ያሬሊስ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያ ሁሉ ዕድሜዋ ከአንደበቷ የወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያስተማሯት አያቷ ዶኛ ፕሮቪ ናቸው። በአገራቸው ወግ ልጅ ከታላቁ ጋር ሲገናኝም ሲለያይም «ምርቃት!» ሳይል አያልፍም፤ ታላቁም «እግዜር ይባርክህ» ሳይል አይሸኘውም። አሮጊቷ በየምሽቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ከዘይቱና የተሠራ ጣፋጭ ቁራሽ በጣታቸው ይዘው፣ «በይ እስቲ እናቴ፣ ምርቃት በይ» እያሉ ክረምትና በጋ አፈራረቁ። አንድ ቀን ቃሉ ወጣ። ያን ዕለት አባቷ ኤፍራይን የሙዙን ጭነት መንገድ ላይ ጥሎ እየሮጠ መጣ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ያቺ ቃል አላዳነቻትም። የክፍሉ ጫጫታ ሲበረታ እጇን ትነክሳለች፣ ትጮኻለች፤ ያኔ እናቷ በምትሠራበት ዳቦ ቤት ስልኩ ይጮኻል። «ነይና ውሰጃት።» ባለዳቦ ቤቱ ታግሦ ታግሦ፣ «እኔም እኮ ሊጡን ብቻዬን ማቡካት አቃተኝ» ብሎ ሚግዳሊያን አሰናበታት። ሕጉ ለያሬሊስ አጠገቧ የሚቀመጥ ረዳትና የንግግር ባለሙያ ይፈቅድላታል። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ረዳቱን ያየ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራው ደግሞ ወረፋ አለው። ወረፋው ሲደርሳት ያሬሊስ አንደኛ ክፍልን አልፋ ሦስተኛ ገብታለች።

የምርመራው ክፍል ጸጥ ያለና ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ልጅ ዝር አይልበትም። ያሬሊስ ገብታ መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያም ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ምርቃት!» አለቻት።

«እግዜር ይባርክሽ የኔ ቆንጆ!» የሴትዮዋ ፊት በራ። «አቤት ጨዋነት! የዛሬ ልጆች እኮ ዘንግተውታል። ቤት ውስጥስ ታወራለች?»

ሚግዳሊያ ልቧ በኩራት ሞላ። በእንግዳ ፊት ልጇን ማሳነስ አንደበቷ አልለመደም። «ኧረ ታወራለች ሚሲ! ሰው ነፍሷ ነው።»

ያቺ አንዲት ቃል፣ ያ ቢጫ ቀሚስና ይህ መልስ በአንድነት ፈረዱባት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሚግዳሊያን ቢሮዋ ጠርታ ነገረቻት።

«የያሬሊስ እናት፣ ደስ ይበልሽ፤ ጥሩ ደረጃ ላይ ናት ብለዋል። በንግግር ትግባባለች፣ ሰላምታ ታውቃለች። ረዳቱም የንግግር ባለሙያውም አልተፈቀደላትም።»

«ሚሲ፣ ያለቻት ቃል እኮ አንድ ናት! አንድ!»

«መርማሪዋ ፊት ታወራለች ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን ላድርግሽ?»

ሚግዳሊያ ከቢሮው ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ኔሬይዳ የምትባል፣ ልጇ ከያሬሊስ የባሰበት ሴት ተራዋን ስትጠብቅ አየቻትና ነገሩን ሁሉ አስወራቻት። ሰምታ ስትጨርስ በሳቅ ጭኗን መታች።

«ቢጫ ቀሚስ? አይ አንቺ! ለቁንጅና ውድድር መሰለሽ እንዴ? እኔ የኔን በሌሊት ልብሱ ነው የወሰድኩት፣ ቁርስ ሳላቀምሰው። ጠረጴዛውን ገለበጠላቸው። ወር ሳይሞላ ረዳት መጣለት።»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«ይሆናል። እነሱ ይሸከሙት። ይግባኝ በይና ድጋሚ ውሰጃት፤ ግን አደራ፣ ያቺን ምርቃቷን ይዛብሽ እንዳትሄድ።»

ይግባኙ ተሰማ፤ ዳግመኛው ምርመራ ከገና ቀጥሎ ከሚውለው ከሦስቱ ነገሥታት በዓል በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ቀሚሱን መተው ቀላል ነበር። ቃሉ ግን ቁልፍ የለውም፤ ያሬሊስ ሰው ባየች ቁጥር ይወጣል። ሚግዳሊያ ብዙ አሰበችበትና አንድ ቀን እራት ላይ ሐሳቧን አወጣችው።

«ልናስረሳት ነው?» አለ ኤፍራይን ማንኪያውን አስቀምጦ።

«እስከ ምርመራው ብቻ። ስትለን ዝም እንላለን። መልስ ካጣች ትተወዋለች።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?»

«ያበድኩትማ ያን ቀሚስ ስተኩስ ነው። ነገ እኛ ስንሞት ምን ልትሆን ነው? ምርቃት እያለች ዳቦ ልትገዛበት?» ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎም ቢያግዙን...»

ዶኛ ፕሮቪ ሳህናቸውን ገፉት። «ምርቃት ጠይቆኝ የነፈግሁት ልጅ የለም። የጠላቴንም ልጅ አልነፈግሁም። በስተርጅና አልጀምርም።» ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። «ነገ እህትህ ቤት አድርሰኝ፤ ስትጨርሱ ትመልሰኛለህ።»

በማግሥቱ ያሬሊስ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። «ምርቃት!» ሚግዳሊያ ጀርባዋን ሰጥታ ሩዝ ማጠቧን ቀጠለች። ልጅቷ ደገመችው። ቀሚሷን ጎተተቻትና እንደገና አለችው፤ ድምፁ አሁን ጥያቄ ሆኖ ነበር። ሚግዳሊያ ሩዙን እንደገና አጠበች፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ፣ ከዚያም በላይ። ኤፍራይን ይህን ላለማየት ከሙዝ እርሻው አምሽቶ መግባት ጀመረ። ያሬሊስ ከሁለቱም መልስ ስታጣ ወደ በረንዳው ወጥታ ለአያቷ ባዶ ወንበር ትለው ነበር። ወንበሩም አልመለሰላትም። ድምፁ እየሟሸሸ ሄደ፤ ቀጥሎ የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ቀረ፤ በገና ሰሞን እሱም ጠፋ።

ለዳግመኛው ምርመራ ያሬሊስ ጸጉሯ ሳይበጠር፣ ሳትበላ ሄደች። መርማሪዋ ሌላ ሴት ነበረች። ያሬሊስ አላየቻትም፤ እጇን ነከሰች፣ ጮኸች፣ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

«ትናገራለች?» አለች ሴትዮዋ።

«አትናገርም» አለች ሚግዳሊያ። ለመዋሸት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ግን ውሸት አልነበረም።

ሁሉም ተፈቀደ። አንዲት ረዳት ከያሬሊስ አጠገብ ተቀመጠች፤ ስልኩ መጮኹን አቆመ፤ ዳቦ ቤቱም ሚግዳሊያን መልሶ ቀጠራት። የንግግር ባለሙያው ትሑት ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እናቲቱን አስጠርቶ አስቀመጣት።

«ከዜሮ መጀመር ከባድ ነው እናቷ። ድሮ ትላት የነበረች አንዲት ቃል እንኳ ብትኖር ከዚያ እንነሳለን። ምንም አልነበራትም?»

ሚግዳሊያ እጆቿን አየች። ጥፍሯ ሥር ሊጥ ደርቆበት ነበር። «አንድ ነበራት» አለች። ቃሏን ነገረችው፤ እንዴት እንደጠፋች ግን አልነገረችውም።

ወጣቱ ቃሏን ለመመለስ ለወራት ደከመ። ዶኛ ፕሮቪም ወደ ቤታቸው ተመልሰው የዘይቱናውን ጣፋጭ በጣታቸው ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ያሬሊስ ጣፋጩን ከእጃቸው ወስዳ ትበላለች፤ ከዚያ መንገዱን እያየች ጣቷን ትልሳለች።

ምርቃት ሳይለምኑት አይሰጥም፤ የአገሩ ወግ ነው። ሚግዳሊያ ግን በየጠዋቱ የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ጎንበስ ብላ «እግዜር ይባርክሽ» ትላታለች፣ ልጅቷ ምንም ሳትላት። ሾፌሩ ለትንሽ ጊዜ በሩን ሳይዘጋ ይጠብቃል። ከዚያ ይዘጋዋል።