ከኬረላ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለቤቴ «ሽማግሌ ሳይላክ ልጄን አልሰጥም!» ብሎ ጠረጴዛውን የመታ ዕለት በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ልጃችን ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ማሚ፣ ዳዲ ኖ አለ እኮ! ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። ሰውየውን ከእሷ በላይ አውቀዋለሁ። የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት ዝም ነው የሚለው፤ ስልኩን ይዞ መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቅድመ ሁኔታ ካስቀመጠ ግማሹን ሰጥቷል ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ ከእጁ ሳላወጣ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታወቀኝ።

ልጄ የመረጠችውን ልጅ እኔም ወድጄዋለሁ። እዚሁ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ ግን ኬረላ ከምትባል የደቡብ ሕንድ ግዛት የመጡ ናቸው። ከልጄ ጋር የተዋወቁት የእኛና የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች በአንድ ላይ ባዘጋጁት ጉባኤ ላይ ነው። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ አብያተ ክርስቲያናቱም እህትማማቾች ስለሆኑ ባለቤቴ በሃይማኖት በኩል የሚያነሳው ሰበብ አጣ። ሰበብ ሲያጣ ወደ ወግ ዞረ። በእኛ ወግ ልጅ የሚፈልግ ወገን ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይለምናሉ፤ ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ አይቀመጡም።

«ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል?» አልኩት። «ከቤተ ክርስቲያን ሦስት አባቶች ለምነን እንልካቸዋለን። እዚህ አገር ስንቱ እንደዚያ አይደል የሚያገባው?»

«እነሱማ የእኔ ሰዎች ናቸው» አለ። «የእኔ ሰዎች እኔን ምን ብለው ይለምኑኛል? ልጁ የራሱን ወገን ይላክ። ልጄ ማን ቤት እንደምትገባ ልወቅ!»

ችግሩ ልጁ የሚላክ ወገን አልነበረውም። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ አባቱም ወንድም አልነበረውም። እናቱ ያለቻት አንዲት እህት ስትሆን እሷም አውስትራሊያ ውስጥ ነርስ ናት። ልጁ ራሱ ለእናቱ አንድ ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ ነበር። «ሶ፣ ዘመድ ከየት ያምጣ ማሚ? ዘመድ ኦርደር አይደረግም!»

እኔ ግን አልገረመኝም። የምሠራው ኧርቪንግ ባለ አንድ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ነው፤ በእኔ ፎቅ ካሉት ነርሶች የሚበዙት የኬረላ ሴቶች ናቸው። በምሳ ሰዓት ስለ አገራቸው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ መስማት ብቻ ሳይሆን ገብቼ እከራከራለሁ። ታሪካቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቅድመ አያት በላይ በላዩ ትወልድና ቤቱ አይበቃም። ከዚያ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሴቷም ፊደል ትቆጥራለች። የተማረችው ሴት ዘግይታ ታገባለች፤ ጤና ጣቢያው ቅርቧ ስለሆነ የወለደቻቸው አይሞቱባትም፤ ሁለት ወልዳ ይበቃኛል ትላለች። ሁለቱም ይማራሉ። ተምረው ሲጨርሱ ግን ለተማረው ሁሉ የሚበቃ ሥራ አገሩ ላይ የለም፤ አንዷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ አንዷ ቴክሳስ። መንደሩ ውስጥ የሚቀሩት ልጆቹ በላኩት ገንዘብ የተሠራ ትልቅ ቤትና አንዲት አሮጊት ናቸው። ግንበኛውም የእርሻ ሠራተኛውም ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ሆኗል ይላሉ። ተማሪ አጥቶ ክፍል የዘጋ ትምህርት ቤትም አለ።

አንዷ ይህን በኀዘን ስትናገር ሌላዋ ትነሣባታለች። «ታዲያ እናትሽ እንደ አያትሽ ዘጠኝ ወልዳ ግማሹን ብትቀብር ይሻልሽ ነበር?» እኔ የምቆመው ከዚህችኛዋ ጎን ነው። ሴት ልጅ ደብተር ስለያዘች አንድ አገር በሁለት ትውልድ እንዲህ ሲለወጥ መስማት ደሜን ያሞቀዋል። ምሳዬ ይቀዘቅዛል እንጂ ከዚያ ወሬ አልነሣም። ግን ያ ሁሉ ወሬ አንድ ቀን ዞሮ ዞሮ የልጄን ጋብቻ ይይዘዋል ብዬ መች አስቤ?

ባለቤቴ ቅዳሜን ቀጠረ። ልጄ ለልጁ ኮል አድርጋ ወጉን አስረዳችው፤ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ሦስት ሰው መሆን እንዳለባቸው፣ በጨዋ ደንብ መልበስ እንዳለባቸው፣ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስ ምንም ቢባሉ እንዳይቀመጡ ነገረችው። ስልኩን ስትዘጋ «ኦኬ ብሏል፤ ሴት አያቱም ለሰመር ከኬረላ መጥተዋል» አለች። አያትየዋ ወጣት ሳሉ እኛ አገር፣ አሰላ፣ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «በእኛ ዘመን የሕንድ መምህር ያልገረፈው ማን አለ?» ብሎ አለፈው።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለቤቴ ሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደረበ። ውጭው ያቃጥላል፤ ጋቢውን ለመልበስ ሲል ኤሲውን አውርዶ ቤቱን በረዶ ቤት አደረገው። ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ ደረደረ። ከጎኑ እንዲቀመጡ የጠራቸው ሁለት ጓደኞቹ ኤርፖርት የሚመላለሱ ሹፌሮች ናቸው፤ ሥራ በዝቶባቸው እንደማይመጡ በመጨረሻው ሰዓት ደወሉ። ወንድሞቹ አንዱ ሚኒሶታ፣ አንዱ ቶሮንቶ፣ የቀሩት አገር ቤት ናቸው። ስለዚህ በደረደራቸው ወንበሮች መካከል ብቻውን ቆመ። አሳዘነኝ፤ ግን ያን ጊዜ እንዳልስቅ ስታገል ብዙም አላሰብኩበትም።

በወጉ እኔና ልጄ ጓዳ ሆነን ማድመጥ ነበረብን። ካሮልተን ከተማ ያለው አፓርትመንታችን ጓዳ ከየት ይምጣለት? ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ባንኮኒ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆምን። ሁሉም ያየናል፤ እኛ ግን እንደሌለን ሰዎች ነን።

መኪናቸው ፓርክ ሲያደርግ በመስኮት አየሁ። መጀመሪያ የልጁ እናት ወረደች። ቀጥላ አሮጊት እናቷን ደግፋ አወረደች፤ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ማን ይሆን ብዬ ስጠብቅ ከመሪው ጀርባ ሙሽራው ወረደ!

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ልጄ። «ሦስት ሰው ስለው ራሱን ቆጠረ!»

በሽማግሌ ቀን ልጁ በሰፈሩ እንኳ አያልፍም። ይሄ ግን ከረባት አስሮ የራሱን ሽምግልና ሊያከናውን ደረጃውን እየወጣ ነው። አፌን በፎጣ አፈንኩ።

ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው። ከኋላቸው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ኮሪደሩን ቃኘ።

«ሽማግሌዎቹስ?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«እኛ ነን» አለች እናትየው።

ሳቄ ጠፋ። ባለቤቴ ጆሮው ቀልቷል፤ ጆሮው ሲቀላ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ተናቅሁ ብሎ አንድ ክፉ ቃል ከተናገረ ነገሩ ያኔውኑ ያልቃል፤ ልጄም ይቅር አትለውም። ሦስቱ ገብተው ቆሙ። እሱም ቆመ። ልጄ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ባለቤቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት አሮጊቷ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው፣ ቁልጭ ባለ አማርኛ፣ «ተቀመጥ!» አሉት።

ተቀመጠ!

ስድሳ የተጠጋ ሰውዬ ጋቢው ከትከሻው እየተንሸራተተ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ደሴ ትምህርት ቤት ሳለ እንዲህ ሲቀመጥ ታየኝ። አሮጊቷ ከዚህችና «ዝም በሉ!» ከምትለው ሌላ ያልረሱት አማርኛ እንደሌለ በኋላ ነግረውናል፤ ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩዋት ቃል ለዚያች ደቂቃ በቃች። ባለቤቴ ምን እንዳደረገ ሲገባው ራሱ ቀድሞ በሳቅ ፈነዳ። እኛም ተከተልነው። ሙሽራው ብቻ ምን እንደተፈጠረ ስላልገባው በትሕትና ፈገግ አለ።

ሳቁ ሲበርድ ባለቤቴ ወጉን ያዘ። ተቀመጡ አላቸው፤ እንቢ አሉ። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ ለልጅ ልጃቸው ልጃችንን ጠየቁ። ባለቤቴም እንደ ደንቡ «ሰምተናል። እንማከርበትና ቀን እንቆርጥላችኋለን» አለ። እኛ አገር ሽማግሌ ይህን ሲሰማ አመስግኖ ይቀመጣል። እነዚህ ግን መልስ ሳታገኙ አትቀመጡ ተብለዋል፤ ቀጠሮ ደግሞ መልስ አይደለም። ንቅንቅ አላሉም። የአሮጊቷ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ልጃቸው ብትደግፋቸው እጇን ገፉት።

«ከማን ጋር ነው የምትማከረው?» ሲሉ ጠየቁት። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

ባለቤቴ «ከወንድሞቼ...» ብሎ ጀመረና ባዶዎቹን ወንበሮች አየ።

«እኔም እንዳንተ ነኝ» አሉት። «በእናቴ ቤት በረንዳው ላይ ሳይቀር ሰው ይተኛ ነበር። እኔ ሁለት ወልጄ ሁለቱንም አስተማርኩ። ተማሩልኝና ሄዱ። አልቆጭም፤ ዛሬ ብወልድም እንደዚያው አደርጋለሁ። ግን ቤቴ ውስጥ ከከፈትኳቸው የቆየሁ ክፍሎች አሉ። የልጅ ልጄ ይሄ አንዱ ነው። ሙሽራ ብቻ ልጠይቅ አልመጣሁም፤ ሰው ልለምን ነው የመጣሁት።»

ባንኮኒውን ያዝኩ። ነርሶቹ ምሳ ላይ የሚያወሩት የኬረላ ታሪክ የእኔም እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እናቴ ስምንት ወለደች። እኔ ተማርኩ፣ ተሰደድኩ፣ አንድ ወለድኩ፤ አሳደግኳት፣ አስተማርኳት። በሩን ከፍታ ስትወጣ እዚህ ቤት የሚቀረው እኔና ይሄ ጋቢ የደረበ ሰውዬ ነን። ባለቤቴም ይህንኑ ያሰበ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ የትዳራችን ዘመን በሰው ፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ሰጥተናል!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ እልልታው ቀደመው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፣ እኔ ግን ደገምኩት። ልጄ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ ወጣች። የልጁ እናት ታለቅሳለች፣ ሙሽራው ማንን እንደሚያቅፍ ግራ ገብቶት መሀል ላይ ቆሟል። አሮጊቷ በስተመጨረሻ ወንበር ላይ ዐረፍ ብለው ጉልበታቸውን አሹ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ብድግ አለ። ጋቢውን አስተካክሎ አሮጊቷ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና «አሁን ተራው የእኔ ነው» አላቸው። «እኛም ያለችን አንድ ናት፤ እሷን ሰጠን። እናንተ ደግሞ ልጁን ስጡን። ለአማችነት ብቻ ሳይሆን ለልጅነት። መልስ ካልሰጡኝ አልቀመጥም።»

አሮጊቷ ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ እሷም በእንባ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«የእናንተ ነው» አሉት። «እኔንም አብራችሁ የምትቆጥሩኝ ከሆነ።»

ባለቤቴ ጣቱን አንሥቶ ከእሳቸው ጀምሮ እያንዳንዳችንን ቆጠረ። መጨረሻ ላይ ጣቱን ወደ ራሱ ደረት መለሰ።

«ስድስት ነን» አለ።