የአስናቀች ደንበኞች እኔ ቤት የገቡ ዕለት

ትናንት ጠዋት... ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የሴቶች ፀጉር ቤቴ ባዶ ወንበሮቼን በስስት እያየሁ ተቀምጫለሁ። በስስት ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ገማቾች ሊመጡ ነው ተብሏል... የቀን ገቢያችንን በዓይናቸው ለክተው ግብር የሚጥሉብን ሰዎች። ዘንድሮ ደግሞ ሥራ የቀዘቀዘበትን ነጋዴ እየለዩ ለመንግሥት የድጋፍ ብድር በዕጩነት ያቀርባሉ ተብሎ ተወርቷል። የኔ ካስክ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ፀጉር የማይደርቅበት ፀጉር ቤት ማን ይገባል? ያ ብድር ካልመጣልኝ መዝጋቴ ነው።

እና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ቤቴ ሀብቴ ሆነ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ «ይምጡና ይዩት» ብዬ ጠበቅኩ።

አሁን ስለ አስናቀች ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ናት፤ የሷም ፀጉር ቤት ነው። የሚለየን አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ጠዋት ሳቅ፣ ከሰዓት ሳቅ... ሁሉም ከሷ በኩል። እኔ ቤት ብቅ የሚል ሰው ካለ «የአስናቀች ቤት ይሄ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እሺ፣ ቀናተኛ በሉኝ። እቀናለሁ! ሙያውን አንድ ላይ ነው የተማርነው፤ ሹሩባ ላይማ እኔ እሻላለሁ። ግን ሰው እሷ ጋ ይጎርፋል፣ እኔ ወዲህ እርር ድብን እላለሁ።

ብቻ... የጓሮው በር ድንገት ተበረገደ። አስናቀች!

«በናትሽ እህቴ፣ ገማቾቹ ደርሰዋል! አምስት ደቂቃ ብቻ ያዢልኝ!»

ምኑን? ልል አፌን ስከፍት ደንበኞቿ ይገቡ ጀመር። አንዷ ቢጉዲን እንደተጠቀለለች፣ አንዷ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ፣ አንዷ ቀለም ተቀብታ ፎጣዋን ይዛ... ወንበሮቼ ሞልተው የተረፉት ቆሙ። ሐሳቧ ወዲያው ገባኝ። ገማቾቹ ሁልጊዜ ከሷ ጀምረው ነው ወደኔ የሚመጡት። የሷን ባዶ ቤት አይተው ሲወጡ ሴቶቹ በጓሮ ሊመለሱላት ነው።

ትናንት ግን ከኔ ጀመሩ።

ዋናው ገማች በሩ ላይ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ኧረ ይሄ ቤት ሞቋል!» አለ።

እኔ ሳልመልስ ቢጉዲን የተጠቀለለችው ቀደመችኝ። ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ በደጄ አልፋ ነው አስናቀች ጋ የምትገባው። የተቃጠለው ካስኬ ሥር ተመቻችታ ተቀምጣ...

«እነዚህ ነጋዴዎች ግምት በዛብን ይላሉ። የኔን ግብር ደመወዜን ሳላየው ነው የሚቆርጡት! እኔንስ ማን መጥቶ ‹ይበዛብሻል ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ?»

ግማሽ ራሷን የተሠራችው ከአረካ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ናት። ፊቷን ወደ ነርሷ አዞረች።

«አንቺማ ወር ሲደርስ ይገባልሻል። እኔ ገበያ ውዬ ቅቤዬን እንደያዝኩ ስመለስ መንግሥት ምን ይሰጠኛል?»

«ድጋፍ አለ እኮ እማማ» አለ ገማቹ። «ለተዳከመ ነጋዴ ብድር መጥቷል።»

«ሎኦ! ጥሩ ነዋ!» አለች እየሳቀችበት። «ትልቁ ሲከስር ብድሩ ይራዘምለታል፣ ትንሹ ሲከስር በሩ ይታሸጋል። መቼ ነው ለኛ የደረሰው?»

«የሚሰጠውስ የማን ብር ነው?» አለች ነርሷ። «የኔ! እኔ ተቆርጦብኝ የከሰረ ሁሉ ይነሳ? ያልቻለ ይዝጋ!»

ያልቻለ ይዝጋ... ልቤ ላይ ነው የወጋችኝ። ቤቱ ግን በሳቅና በጩኸት ተደበላለቀ። አንዷ ከነርሷ ጋር፣ ሌላዋ ከቅቤ ነጋዴዋ ጋር ሆነው ተከራከሩ። ገማቹ ራሱ ሥራውን ረስቶ ቆየና በመጨረሻ ወደኔ ዞረ።

«እነዚህ ሁሉ ያንቺ ደንበኞች ናቸው?»

«አይ ጋሼ፣ ከጎረቤት ነው የመጡት» ብል አለቀ። ግብሩም ይቀላል፣ ብድሩም ይመጣል። ጎረቤቷን ላለማሳጣት ብላ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳታመሰግኑኝ። ቤቴ ሞልቶ አይቼ አላውቅም! በመስታወቶቼ ውስጥ ሴቶች ተደርድረው፣ ያ ስንት ዘመን ከችፑዱ ወዲያ ስሰማው የኖርኩት ጫጫታ እኔ ቤት ሆኖ... የሷ ናቸው ብዬ በገዛ አፌ ልናገር? ሞቼ ነው ቆሜ!

«አዎ» አልኩት። «የኔ ናቸው። እንዲያውም ዛሬ ቀዝቅዞ ነው።»

ነርሷ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ገማቹም ያልኩትን ጻፈና እያመሰገነኝ ወደ አስናቀች ተሻገረ።

ጆሮዬን ችፑዱ ላይ ለጠፍኩ።

«ምነው እህቴ፣ ሰው የለም እንዴ? ጎረቤትሽ ሁሉንም ወስዳብሽ ነዋ!»

አስናቀች ምን ብትል ጥሩ ነው? ድምጿን ሰብራ... «ምን ላድርግ ጋሼ፣ እጇ ጥሩ ነው» አለችው። ከስንት ዘመን በኋላ መሰከረችልኝ! ለቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

«አይዞሽ» አላት። «አንቺንማ ለድጋፍ ብድሩ እናቀርብሻለን።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ በጓሮ ወጡ። ነርሷ መጨረሻ ነው የተነሳችው። «ካስክሽ ግን አይሞቅም፣ አሠሪው እንጂ» ብላኝ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ከችፑዱ ወዲያ እንደገና ጀመረ።

እስከ ትናንት የምቀናው በደንበኞቿ ነበር... ከዛሬ ጀምሮ በኪሳራዋም እቀናለሁ።