ወርቂቱና አዲሱ ዊንዶውስ

ወርቂቱ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው መሳደብ ነበር። ስድቡ ለኮምፒውተሩ አይደለም፤ እሱንማ ትወደዋለች። የምትሰድበው በስክሪኑ ታችኛው ጥግ ብቅ የምትለውን ትንሽ ቢጫ ጋሻ ነው። ጋሻዋ በየማለዳው «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫን?» ትላለች። ወርቂቱም «ማን ለመነሽ? ሂጂልኝ!» ብላ በማውዙ ትጠረቅማታለች። ከዚያ በኋላ ነው መነጽሯን አድርጋ ሥራዋን የምትጀምረው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ጅማ ውስጥ ኤክስፒ የሚባለውን አሮጌ ዊንዶውስ የሙጥኝ ያለ ብዙ ሰው ነበር፤ የወርቂቱን ያህል አጥብቆ የያዘው ግን አልነበረም። ደግሞም አይፈረድባትም። አባቷ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ መጥተው ጅማ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷም በወጣትነቷ የጽሕፈት መኪና ተምራ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነች። ጣቶቿ ሳታያቸው ፊደሉን ያገኙት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቅነሳ መጣና ከሥራ ወጣች። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ማመልከቻ፣ የእድር ማስታወቂያና የሰርግ ካርድ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ እፎይ እንዳለች ኮምፒውተር የሚሉት ጣጣ ደረሰ። የፊደሉ ቦታ ሁሉ ተዘበራርቆ ጠበቃት። አለቀሰች፣ ተራገመች፣ እንደ ቄስ ተማሪ እንደገና ሀ ሁ ብላ ጀመረች፤ በመጨረሻም ለመደችው። «እንግዲህ ሦስተኛ ጊዜ ሀ ሁ በይ የሚለኝ ካለ እዚያው በጸበሉ!» ትላለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ተታልላለች። ኢንተርኔት የተዋሰ አንድ ደንበኛ ያችን ቢጫ ጋሻ «እሺ» ብሏት ሄደ። በማግስቱ ፕሪንተሩ «አላውቅሽም» አላት። ለዓመታት የጻፈችበት የግዕዝ ፕሮግራም ፊደሉን ሁሉ ሳጥን በሳጥን አድርጎ አወጣላት። ስክሪኑ ላይ የለመደቻቸው ቁልፎች ከቦታቸው ተነስተው ሌላ ጥግ ተወሽቀው ተገኙ። ከመንገዱ ራስ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው መሳይ መጥቶ ሁሉንም ወደ ነበረበት እስኪመልስ ድረስ ቆሽቷ አረረ። «ለመሆኑ ምኑ ነው የተሻሻለው?» ብትለው፣ «መልኩ ነው ማዘር» አላት። አልሸሹም ዞር አሉ! ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሻዋ ምንም ብትል ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

ዓመቱን እንዲህ ትገፋው ነበር፤ ዙህራ ባትታጭ ኖሮ።

ዙህራ የጋሽ ከሊል ልጅ ናት፤ ጋሽ ከሊል ደግሞ ከወርቂቱ ሱቅ ቀጥሎ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጅቱ ገና ተማሪ ሳለች የአባቷ ስፌት መኪና ጩኸት ሲሰለቻት እየመጣች፣ ከወርቂቱ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፎቹን እየነካካች ነው ያደገችው። ወርቂቱ ልጅ አልወለደችም። «የሰርግሽን ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከነካው ተጣላን!» ትላት ነበር። የጅማን ሰርግ፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም፣ ስንቱን ጽፋለች፤ በልቧ ያስቀመጠችው ግን ይሄንን አንዱን ነበር።

ዙህራ ተመርቃ ባንክ ገባች፤ ታጨች፤ ቀኑም ተቆረጠ። አንድ ከሰዓት የመረጠችው ዲዛይን ያለበትን ፍላሽ ይዛ መጣች። ወርቂቱ በደስታ ተቀብላ ሰካችው። ፋይሉ አልከፈት አለ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አልከፈት አለ። ደሟ ፈላ፤ መሳይን አስጠራችው።

«ማዘር፣ ይሄ የሚከፈተው በአዲሱ ፕሮግራም ነው» አላት መሳይ ጎንበስ ብሎ እያየ። «አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ኤክስፒ ላይ አይጫንም። ዊንዶውሱ መቀየር አለበት።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«የለውም። ኤክስፒን እኮ ዓለም ትቷታል። ከእንግዲህ ማሻሻያም አይላክላትም።»

«እሰይ! ያች ቢጫ ጋሻ አፏን ልትዘጋ ነዋ!»

ዙህራ ሳቀችና፣ «እትዬ፣ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ሌላ ቦታ...» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች ወርቂቱ። «ሌላ ቦታ የሚባል ነገር አልሰማም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብላ የኖረች ሴት ናት። አዲሱ ሲገባ የግዕዝ ፕሮግራሟ እንደማይነሳ መሳይ አልደበቃትም፤ ጣቶቿ እንደገና ደንቆሮ ሊሆኑ ነው። ቢሆንም ለዙህራ ያልተደረገ ለማን ይደረጋል? ጠዋት ራሷ እመሳይ ሱቅ ድረስ ሄዳ፣ «ና ጫነው፤ እንዲያው ቶሎ ጨርሰው፤ ሐሳቤን ሳልቀይር» አለችው።

መሳይ ሲዲውን ከቶ መጫን ጀመረ። «ማዘር፣ ይቺ መስመር እስክትሞላ ድረስ ማንም እንዳይነካው። መሀል ላይ ከጠፋ አለቀልን። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ዩፒኤስዎ ይሠራል?»

«ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ግን ዛሬ መብራት ደህና ነው።»

«እንግዲህ እግዜር ይያዝልን» አለና ሌላ ሥራ ነበረውና ወጣ። ወርቂቱ ወተት እንደጣደ ሰው ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች። መስመሯ ትንሽ ትሞላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትንሽ ትሞላለች። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደችም።

ከከተማው ወዲያ በደዶ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እንደነበር ያወቀችው ሲያጉረመርም ነው። ያን ጊዜ ክው አለች። የዚያ ረድፍ ሱቆች የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪው የተሰቀለው ደግሞ ጋሽ ከሊል ግድግዳ ላይ ነው። ጅማ ሰማዩ ቀልድ አያውቅም፤ መብረቅ የስንቱን ቴሌቪዥን በልቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ጋሽ ከሊል መቀሳቸውን ጥለው ይነሱና ለሁሉም ሱቅ ሲሉ የቆጣሪውን ማጥፊያ ያወርዱታል። ዝናቡ ሲያልፍ ይመልሱታል። ይህን ዓመት ከዓመት ሲያደርጉ ማንም ጠይቋቸው፣ ማንም ከልክሏቸው አያውቅም። ለእሳቸው መንገር እንዳለባት ወርቂቱ ያሰበችው አሁን ነው።

«ጋሽ ከሊል! እንዳይነኩት! ጋሽ ከሊል!» እያለች ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች። በሩ ላይ ሳትደርስ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞራ ስታይ ስክሪኑ ጨልሟል።

ጋሽ ከሊል እያለከለኩ መጡ፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል። «አልሐምዱሊላህ፣ ቶሎ ደረስኩ! ወላሂ የሮጥኩት ያንቺን ኮምፒውተር ብዬ ነው፤ የዙህራ ካርድ ያለበት አይደል?» አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩ። «ወርቂቱ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?»

ምን ትበላቸው? መብረቁን አትቆጣው፣ መሳይን አትቆጣው፤ እኚህን ሽማግሌ እንዴት አድርጋ ትቆጣለች? «ምንም አይደል፣ ደግ አደረጉ» አለችና የወደቀውን ወንበር አነሳች።

መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከጥቁር ስክሪንና ከአንድ መስመር እንግሊዝኛ በቀር ምንም አላወጣ አለ። መሳይ ተሸክሞት ሄደ። ወርቂቱ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ሰነበተች። ከደዶ፣ ከአሰንዳቦ ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡ ደንበኞች በሩ ላይ እየቆሙ፣ «ማሽኑ የለም?» እያሉ ተመለሱ። በየቀኑ መሳይ ጋ ትሄዳለች፤ በየቀኑ «ነገ ማዘር» ይላታል። ጋሽ ከሊል ከመሳይ እውነቱን ሰምተው ኖሮ ሰላምታ ሲሰጧት ዓይናቸውን መሬት መሬት ያደርጋሉ። ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይብስ አናደዳት።

በመጨረሻ መሳይ ኮምፒውተሩን አቅፎ መጣ።

«ማዘር፣ አዲሱን ጨርሶ እንቢ አለ። ለዕድሜው ከበደው መሰለኝ። አሮጌውን ጭኜልዎታለሁ። ፋይልዎ ተርፏል፣ ግዕዙም ይሠራል።»

«አላልኩህም? እኔ አላልኩህም?» አለች ወርቂቱ። ልትስመው ምንም አልቀራት። ተቀምጣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ስትጥላቸው ፊደሎቹ እንደ ድሮው ተግተለተሉ። ሁሉም ቁልፍ እንደ ድሮው ቦታው ላይ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏት የማታውቅ መሰላት። የዙህራን ዲዛይን ማሽኑ ባይከፍተውም ምን ቸገራት? ዙህራን ጠይቃ በራሷ እጅ ትሠራዋለች፤ ጠርዙን ወርቃማ ታደርገዋለች፤ ቢስሚላሁን ከላይ፣ አማርኛውን በአንድ በኩል፣ ኦሮምኛውን በሌላው በኩል። ወፍራም ወረቀት መርጣ ገዛች። ለዙህራ ደወለችላት። «ነይ፣ ማሽኔ ድኗል!»

ዙህራ «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። ካርቶን ታቅፋ ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንድ ካርድ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻት። የሚያምር ካርድ ነው፤ ወረቀቱ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ወርቂቱ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንከን ለማግኘት ፈለገች፤ አጣች።

«የት አጻፍሽው?» አለች። ድምጿ ሻከረ።

«የትም አላጻፍኩም እትዬ። እኔው ነኝ፣ ስልኬ ላይ የጻፍኩት። ሻይ እረፍት ላይ ጨረስኩት። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት በኢሜይል ላኩላቸው፣ አትመው በአውቶቡስ ሰደዱልኝ። አባቴ ነው፣ ‹በእኔ ጥፋት ማሽኗ ተበላሽቶ አንቺ ደግሞ አታስጨንቂያት› ያለኝ።»

«ስልክሽ ላይ» አለች ወርቂቱ።

«አዎ፣ ቀላል እኮ ነው። ላሳይዎት?»

«ተይው፣ ሌላ ጊዜ» አለች። የተናደደችበትን ነገር ፈልጋ አጣችው፤ ንዴቱ ግን አለ፣ ደረቷ ውስጥ ያቃጥላል። ስንት ዓመት ማሻሻያ ስትሸሽ የኖረችው አዲስ ነገር እንዳይመጣባት ነበር፤ እሱ ግን በሌላ በር ገብቶ፣ በሰው ስልክ ላይ ሻይ እየጠጣ ሥራዋን ጨርሶላት ሄዷል። አሮጌው ኤክስፒ ከኋላዋ ስክሪኑን አብርቶ፣ ደህና ሆኖ፣ ሥራ ይጠብቃል።

ዙህራ እጇን ዘርግታ ካርዱን ተቀበለቻትና ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «ለእርስዎማ ካርድ አልሰጥም እትዬ፣ ነውር ነው። ካርድ ለእንግዳ ነው። እርስዎ የቤት ሰው ነዎት፤ በማለዳ ነው የሚመጡት።»

ወርቂቱ «እንግዳ አድርጊኝና አንዱን ተይልኝ» ልትላት ፈልጋ ነበር።

«እመጣለሁ የኔ ልጅ» አለችና ካርቶኑን እስከ በሩ ድረስ ያዘችላት።