ረሒማ ጣሪያ ላይ የወጣች ዕለት

ሰቆጣ ገበያ ጨውና አቡጀዴ የምትነግደውን ረሒማን የማያውቅ አልነበረም። ሚዛኗ አይዋሽም፤ ምላሷም አይተኛም። ዘመኑ ደርግ ትርፍ ቤት ወርሶ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ የፈቀደበት ነው። ረሒማ ግን አንዱም አልነበራት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር።

አባቷ ሲሞቱ እሷ በድርሻዋ የሱቃቸውን ዕቃ ስትወስድ፣ የድንጋይ ቤታቸው ለታናሽ ወንድሟ ለሰላሕ ደርሶት ነበር። ሰላሕ ሚስቱን ይዞ ቆቦ ሊገባ ሲነሳ የቤቱ ፈላጊ በዛ። እሱ ግን "የአባቴ ቤት ውስጥ ባዕድ አያድርም" ብሎ ለእህቱ በግማሽ ዋጋ ሸጠላት።

ስም ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የግብር ሠራተኛ አስማረ ውሉን አይቶ ሳቀ።

"በዚህ ዋጋማ የበግ በረትም አይገኝ!"

"እህቴ እኮ ናት፣ ጓድ አስማረ። በእህት ላይ ይተረፋል እንዴ?" አለ ሰላሕ።

"ቅናሹ የእናንተ የእህትና የወንድም ነው። የስም ማዛወሪያውና የየዓመቱ ግብር ግን የሚሰላው ቤቱ በሚያወጣው ነው። ነገ መጥተን እንገምታለን።"

መንገድ ላይ ሰላሕ ዘዴ መጣለት። "ስሚ እታለም፣ ነገ እኔ ቤቱን ሳጣጥል አንቺ ዝም በይ። ግምቱ ዝቅ ይልልሻል።" ረሒማም እሺ አለች።

በማግስቱ አስማረ ከቀበሌው ሽማግሌ ከአቶ ገብረ ጻድቅ ጋር መጣ። ሰላሕ ግድግዳውን እየደበደበ "ይኸው፣ ዘሟል" አለ። ረሒማ ከንፈሯን ነከሰች። "በሩንም ምስጥ ጨርሶታል" አለ። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ጣሪያውማ ክረምት ሲገባ ወንፊት ነው" ሲል ግን አንጀቷ አልቻለም።

"ወንፊት? አባታችን ጀርባቸው እስኪጎብጥ አፈር ተሸክመው የደመደሙት ጣሪያ ነው ወንፊት?"

"እታለም፣ ኧረ ባክሽ!"

"አንተ ዝም በል! እናንተ ግቡ፤ እዚህ መሀል ላይ ቁሙልኝ!"

እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ መሰላሉን ወጣች። ጎረቤቱ እየሮጠ ተሰበሰበ። ረሒማ ውሃውን ጣሪያው ላይ ገለበጠችና "ነካችሁ?" ብላ ጮኸች።

"ኧረ ጠብ አላለም!" አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ ከውስጥ።

ሌላ አስመጣች፤ ደግማ አፈሰሰች። ሰላሕ ራሱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አስማረ ደረቅ ኮፍያውን እያሳየ ወጣ።

"ወይዘሮ ረሒማ፣ በዚህ ዓይነት ግምቱ ከፍ ይላል። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ። ጻፍ ልጄ፣ ጻፍ!"

ግምቱ ሰላሕ ከፈራውም በላይ ሆነ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ እህቱ ቀሚሷ ርሶ ከመሰላሉ ስትወርድ ሲያያት ሳቁ አመለጠው፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። ረሒማ አንድ ጣቃ አቡጀዴ በርካሽ ሸጣ ከፈለች፤ ሰላሕም ዕቃዋን አግብቶላት ቆቦ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ነጋዴው ሁሉ ግብር በዛብኝ ብሎ ሲያማርር፣ ረሒማ ብቻ ደረቷን ነፍታ ትጠይቅ ነበር፦

"የአንተን ቤት ስንት ገመቱት? ይኸው ነው? የእኔ ይበልጣል!"