ያዘነበለችው ፔጆ

ግሽ አባይ ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ የመኪና ማንሻ ክሪክ ሲጥሲጥታ ሰምቼ ቆም አልሁ። ስምንት ዓመቴ ላይ ከእናቴ ጋር ጋራዥ የዋልሁበት ቀን መጣብኝ።

አባቴ ሲሞት የተወልን አሮጌ ፔጆ ከፊት በግራ በኩል ዝቅ ብላ ነበር። ሁለት መካኒኮች አካሏን የሚሸከመውን የፊት ሞላ ለወጡላት፤ አልተቃናችም። ሦስተኛው «አካሏ ተጣሟል፤ ለቁራሌ ሽጫት» አላት እናቴን። እሷ ግን የአባቴን መኪና መሸጥ ስላስጨነቃት፣ ጋሽ ይስማው ወደሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደቻት።

ጋሽ ይስማው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አስቆሟትና ከየጎማው በላይ ያለውን ክፍተት በጣታቸው ለኩ። ከዚያ የፊቱን ትተው ወደ ኋላ ዞሩ። ክሪኩን ከኋላ አካሏ ሥር መሀል ለመሀል አስገብተው ቀስ እያሉ አነሷት። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ የግራ ፊቷ ከፍ እያለ ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ።

«አየሽ ልጄ» አሏት እናቴን፣ «የታመመው ያዘነበለው አይደለም።»

ከኋላ በቀኝ የተገጠመው ሞላ የሌላ መኪና ነበር፤ ስለረዘመ የቀኝ ኋላዋን ከፍ አድርጎ ክብደቷን በግራ ፊቷ ላይ ይጥለዋል። ልኩን ሲገጥሙላት መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

በከተማችን ሐይቅ ዳር ስንመለስ እናቴ ድንገት ጥግ ይዛ አቆመች። አባቴ ከሞተ ወዲህ በትምህርቴ ሰንፌ ስለነበር ስትቆጣኝ ከርማ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ግን ገባኝ፤ ጋራዡ በር ላይ እንደቆምሁ ደወልሁላት።