እናቴን ያዘለ ወገብ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር እናቴን ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ እምቢ አለ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ፣ ከዚያ መልሶ ወደ አልጋ የማነሳት እኔ ነኝ። ችግሩ ወገቤ ነው። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እያጎነበስኩ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ስለኖርኩ፣ ወገቤ ከእኔ በፊት ነው ጡረታ የወጣው።

አዳማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውላል። «እትዬ፣ ካልቻልሽ እኔ ጋ ትምጣ። ቤቱ ደረጃ የለውም፣ የሚያነሳትም ሰው አለ።» እናቴ ይህን ስትሰማ ደህናውን እጇን ታወናጭፋለች። «ከልደታ ማርያም ደወል ርቄማ አልሞትም፤ ንገሪው!» መስኮቱ ሲከፈት ቅዳሴው አልጋዋ ድረስ ይመጣላታል። የቀራት እሱ ነበር። ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ወገቤ ከቻለ እናቴ ቤቷ ትቀራለች፣ ካልቻለ ትሄዳለች።

ሐኪሙ የወገቤን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ «ዲስክሽ ተንሸራቷል» አለኝ። ማስታገሻ ጻፈልኝና «እንቅስቃሴ አድርጊ፤ ከባድ ነገር ግን አታንሺ» ብሎ አሰናበተኝ። ወይ ጉድ! እናቴን የት ላድርጋት? ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ቅባቱን ተቀባሁ፣ መቀነቴን አጥብቄ አሰርኩና ማንሳቴን ቀጠልኩ።

እንቅስቃሴውን ያገኘሁት እዚያው ብሎካችን ሥር ነው። አንድ ጎረቤታችን አሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ግሬደር ሲነዱ የኖሩ። ጠዋት ጠዋት ልብስ ማስጫው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ቀስ እያሉ ያነሳሉ፣ ቀስ እያሉ ያወርዳሉ። መጀመሪያ ሳያቸው፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ነካ ያደረጋቸው መስሎኝ ነበር። ለካ የእሳቸውንም ወገብ ግሬደሩ ጨርሶት፣ የካምፑ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ነው ያስተማራቸው። ከእንቅስቃሴዎቹ አንዱን ታይ ቺ፣ ሌላውን ቺጎንግ ይሉታል። ልዩነቱን ብጠይቃቸው «አንዱ እየተራመዱ ነው፣ አንዱ ቆመው ነው፤ በቃ፣ በነገር አታድርቂኝ» አሉኝ።

የእንቅስቃሴዎቹን ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በርሜል ማቀፍ የሚሉት አለ፤ ጉልበትን አጠፍ፣ ትከሻን ለቀቅ አድርጎ፣ ባዶ አየር አቅፎ ቀስ እያሉ እየተነፈሱ መቆም ነው። መስታወት መወልወል የሚሉት ደግሞ አለ፤ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያሻገሩ፣ እጅን ዘርግቶ መዞር ነው። «እህቴ፣ ወገብሽን እርሺው! በእግርሽ ቁሚ!» ይሉኛል በየመሃሉ። ለሚያየው ቀላል ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ጭኔ እየተንቀጠቀጠ አራት ፎቅ ስወጣ በየደረጃው ረግሜያቸዋለሁ።

ቤት ውስጥም እደግመው ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። «አንቺ፣ እንደዚህ ቀስ ተብሎ ዝንብ ይባረራል? ዝንቡ እኮ ተኝቶ ተነሳ!» ብላ በግማሽ ፊቷ ትስቃለች። ሌላ ቀን ኮስተር ብላ፣ «ይሄ ነገር ጸሎት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ስፖርት ነው።»

«እንግዲያ አድርጊ። ወገብሽ ይዳንልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትጸልይ ስሜን ከጠራች በኋላ ወገቤንም ለብቻው ትጠራዋለች።

ተሻለኝ። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ማጥለቅ ቻልኩ። ከዚያ እናቴን ሳነሳ በወገቤ ሳይሆን በእግሬ መነሳት ለመድኩ፤ ትንፋሼን አውጥቼ፣ ክብደቷን ወደ አንድ እግሬ ወስጄ፣ ዞር ብዬ አስቀምጣታለሁ። አንድ ጠዋት ሳሙና አምልጦኝ ወደቀና ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ሕመሙ እስኪመጣ እንዳጎነበስኩ ጠበቅኩት። አልመጣም። እልል ማለት ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሳሙናውን ቦታው መልሼ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። እንደውም ብሶበታል» አልኩት።

አስቤበት አልነበረም። እናቴን አልጠላኋትም፣ ማንሳቱም እንደ ድሮው አይከብደኝም። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም «የት ነሽ?» ሳይለኝ መዋል አማረኝ። ውስጤ ደንዝዞ ደስታውም ሐዘኑም አንድ ሆኖብኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሲደውልም ብሶበታል አልኩት። ይባስ ብዬ ስልኩን ይዤ ወገቤን አሸው ነበር፤ እሱ እንደሁ አያየኝ! እናቴ ግን ታየኝ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ቅዳሴው በመስኮት እየገባ፣ «ልጁን ጥሪው፣ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ደወሉስ?»

«አንቺ ተሰብረሽ እኔ ደወል ልስማ?»

«እማዬ፣ ተሽሎኛል» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ምሳ ላቅርብልሽ?» አልኳት።

ወንድሜ መኪና ይዞ መጣ። እሱና የግቢው ጥበቃ በፕላስቲክ ወንበር ሊያወርዷት ብድግ አደረጓት፤ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ገና ሁለት ደረጃ ሳይወርዱ ወንበሩ ዘንበል ሲል ጮኸችና በደህና እጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ተዉ፣ እኔ ላዝላት» አልኩ።

«ኧረ ወገብሽ!» አለች፤ ግን አንገቴን አለቀቀችም።

አዘልኳት። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ተነፈስኩ፣ ተነሳሁ። ወገቤ ምንም አላለም። እንደዚያ ቀን ብርቱ ሆኖ አያውቅም።

በየፎቁ ጆሮዬ ሥር «አረፍ በይ ልጄ፣ ወገብሽን» ትለኛለች። ወንድሜ ፍራሿን ተሸክሞ ከኋላ ይከተለናል። ስለዚህ አረፍኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ፊቴን አጨማደድኩ፣ «እፍፍ» አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለተኛ ላይ፣ አንደኛ ላይ። ታች የግሬደሩ ሰውዬ ቆመው ነበር። ወገቤ እንደዳነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አዩኝና ፊታቸውን ወደ ልብስ ማስጫው አዞሩ።

አሁን እንደተመኘሁት ማንም አይጠራኝም። ጠዋት ጠዋት ወርጄ በርሜሌን አቅፌ እቆማለሁ። ደወሉ ሲሰማ መስኮቱን እዘጋዋለሁ። እናቴ እሑድ እሑድ በወንድሜ ስልክ ትደውላለች፤ ገና ሰላም ሳትለኝ «ወገብሽስ?» ትላለች።

ባለፈው እሑድ «ተሽሎኛል፣ እማዬ» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች በደስታ። «አየሽ? እኔው ነበርኩ ያሳመምኩሽ። እንኳንም መጣሁ።»