ሳይጮኽ የጠፋው ኮከብ

ከጠፈር የመጣ ምስል ኮምፒዩተሬ ላይ ስከፍት ስክሪኑ መጀመሪያ ይጨልማል። ምስሉ ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ ለአፍታ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። አብረውኝ የሚሠሩት በዚያች አፍታ ይንጠራራሉ፣ ያዛጋሉ። እኔ ግን ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጆሮዬም ሳላዘው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ቢሮው ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፍርሃቱ የዛሬ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት በሞላኝ በጋ የያዘኝ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ያኔ የምንኖረው ክርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በትምህርት ቤት ዕረፍት ለተማሪዎች የሚሰጥ የሳይንስ ኮርስ ገብቼ ነበር። የምታስተምረን ገና ዶክትሬቷን የምትሠራ ወጣት ነበረች። ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ትሰካበታለች፤ ስትናገር ትቸኩላለች፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ቤሰደር?» ትለናለች፤ በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቷ ነው። በመጀመሪያው ቀን የአንዲት ጋላክሲ ምስል አሳየችን። መስታወት ላይ የቀረ የጣት አሻራ የመሰለች ደብዛዛ ነጥብ ነበረች።

«መሃሏ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ» አለች። «አንድ ኮከብ በአጠገቡ አለፈ፤ በጣም ቀረበ። ስበቱ ቀዳደደው።»

የተቀደደው ኮከብ ጉድጓዱን እየዞረ ሲግል ያበራው ብርሃን ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። የጠፈር ቴሌስኮፑ በተለያዩ ቀናት ያነሳቸውን ምስሎች ተራ በተራ እየከፈትን፣ የመሃሏን ድምቀት እየለካን፣ ነጥብ በነጥብ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ነበር ሥራችን። ቴሌስኮፑን ለምን ጠፈር ድረስ እንደወሰዱት ጠየቅኋት።

«አየሩ ጋሻችን ነው» አለችኝ። «ይህን ዓይነቱን ብርሃን አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍ ኖሮ ያቃጥለን ነበር። ይህን ማየት የፈለገ ከጋሻው መውጣት አለበት።»

ሌሎቹ ልጆች ተደነቁ። እኔ ፈራሁ። ኮከቡ መንገዱን ሲሄድ ነበር እኮ፤ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ደጋግሜ ቀና እያልሁ ሰማዩን አየሁት። ሰማያዊ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም። አላመንሁትም።

ኮርሱ ሳይጋመስ ጦርነት ተጀመረ። መምህርታችን ምስሎቹን በኢሜይል ላከችልን፤ «ቤታችሁ ሆናችሁ ቀጥሉ» አለችን። ከደቡብ ሮኬት ሲተኮስ የማስጠንቀቂያው ጩኸት፣ አዛካ የምንለው፣ ከተማውን ሁሉ ያናውጠዋል። ከዚያ ወደ መጠለያው፣ ወደ ሚክላቱ፣ ለመድረስ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ሚክላቱ ከሕንፃው ጓሮ፣ ከመሬት በታች ነበር። እርጥብ ሲሚንቶና የሕፃን ሽንት ይሸታል፤ መብራቱ ይርገበገባል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ታቅፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥጉን ይዤ እቀመጣለሁ። አባቴ ግን አብሮን አልነበረም።

ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጋር በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር የመጡ የጎንደር ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ስለነበር ደረጃ መውረድ አይችሉም። ጠዋት የምትረዳቸው ሴት ቀትር ላይ ትሄዳለች፤ ማታ የልጃቸው ሚስት ከሌላ ሰፈር፣ ከክፋር ግቢሮል፣ መጥታ አብራቸው ታድራለች። ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ለጦርነቱ ሚሉኢም፣ ተጠባባቂ ጦር፣ ሲጠራ፣ ቦርሳውን እንደተሸከመ አባቴን ደረጃው ላይ አገኘው።

«ጋሼ፣ እናቴን አደራ» አለው።

«ሂድ ልጄ፣ በሰላም ተመለስ» አለው አባቴ። «እኔ አለሁ።»

እኔ የቆሻሻ ከረጢት ይዤ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አባቴ ያችን ቃል ሲሰጥ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ነስ ጺዮና ከተማ ባለ ፋብሪካ የማታ ሥራ ስለነበረው ቀን ቀን ቤት ነው። አዛካው ሲጮኽ እኛ ወደ ታች ስንሮጥ እሱ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ባልቴቷን በጀርባው ሊያወርዳቸው ሞክሮ ነበር፤ ሕመሙ ስላላስቻላቸው ሁለተኛው ደረጃ ላይ መልሶ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እስኪያልፍ።

ሚክላት ውስጥ ሆኜ የማስበው ጣሪያውን ነበር። አራተኛው ፎቅ የመጨረሻው ነው፤ በአባቴና በሰማዩ መካከል ያለው እሱ ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ የኮከቡ ብርሃን በየምስሉ እየደመቀ ይሄዳል፤ እኔም ነጥቡን ከፍ እያደረግሁ አስቀምጣለሁ። ከላይ ፍንዳታ ሲሰማ ሁሉም ጣሪያውን ያያል። እናቴ ግን በሩን ነበር የምታይ።

በመጨረሻ አንድ ቀን አልቻልሁም። «አባዬ፣ አንተም እኮ ልጆች አሉህ» አልሁት።

«ጥያቸው ብወርድ፣ እታች ምን ሆኜ እቀመጣለሁ?» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የምር የሚጠይቀኝ ነው የሚመስለው።

ያ የማልረሳው ከሰዓት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሁለቱም ምሳ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ላፕቶፔም በዚያ ሰሞን ከትከሻዬ ስለማይለይ አብሮኝ ነበር። ሳህኑን እንዳስቀመጥሁ አዛካው ጮኸ።

«ውረጂ» አለ አባቴ። «ቶሎ በይ!»

በሩ ጋ ደረስሁ። ከታች የሰው ሩጫ፣ የበር መዝጋት፣ የሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል። እግሬ አልወርድ አለኝ። ጀግንነት አልነበረም። እታች ሆኖ ጣሪያውን ከማሰብ፣ እዚያው ሆኖ ጣሪያውን ማየት ይሻላል ብሎ ነው ልቤ የወሰነ። ተመለስሁ። አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የሚቆጣበት ጊዜ ግን አልነበረም። ክንዴን ይዞ ከመስኮቱ ራቅ ባለው በኩል፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል አስቀመጠኝ።

ባልቴቷ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ያ ሁልጊዜ የምታዪው ምንድን ነው ልጄ? እስቲ አሳዪኝ።»

ለእኔ ብለው እንደጠየቁኝ ዛሬ ይገባኛል። ላፕቶፑን ከፍቼ አልጋው ላይ አደረግሁላቸው። ስክሪኑ ጨለመ። አዛካው አባርቶ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ያለው ጸጥታ ከጩኸቱ ይብሳል። ሦስታችንም ያንን ጥቁር ስክሪን እያየን ጠበቅን። ከዚያ ጋላክሲዋ መጣች።

«ይቺ መሃሏ ላይ ያለችው ብርሃን ኮከብ ነበረች» አልሁ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ጥቁር ጉድጓድ ቀደዳት። እያለቀች ነው።»

«ስትቀደድ ጮኸች?»

«አልጮኸችም እማማ። እዚያ አየር የለም፤ ድምፅ አይሰማም።»

«ምስኪን» አሉ።

ያን ጊዜ ፈነዳ። የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፤ በጥርሴ ነው። አባቴ ላዬ ላይ ወደቀ። የመስኮቱ መስታወት ወደ ውስጥ ፈሰሰ፤ አልጋው ከቦታው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የኖራ አቧራ አፍንጫዬን ሞላው። በተሰበረው መስኮት የገባው ፀሐይ አቧራው ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ሠርቶ ነበር። ውጭ የመኪኖች አላርም ይጮኻል። አባቴ አንድ እጁ ባልቴቷ ራስ ላይ ነው፤ ሌላው ፊቴን ይዳብሳል።

«አለሽ?» አለኝ። «አለሽ ልጄ?»

ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሊነሳ ሁለቴ ሞክሮ፣ የአልጋውን ጠርዝ እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እላይ የሚቀረው ስለማይፈራ ነበር የሚመስለኝ። ለካ በየቀኑ እንዲህ እየሆነ ነበር የሚወጣው።

ሮኬቱ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የወደቀ። የሞተ ሰው አልነበረም። አባቴ ሲረጋጋ ተነስቶ መጥረጊያ አመጣና መስታወቱን መጥረግ ጀመረ። «ለእናትሽ መስኮት ብቻ ነው የተሰበረ እንላታለን» አለኝ። እኔ የባልቴቷን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግላቸው እጄን ያዙኝ።

«በሱዳን መንገድ የቀረች ልጅ ነበረችኝ» አሉኝ፣ አባቴ እንዳይሰማ ቀስ ብለው። «ጨለማ ነበር፤ ስንሸሽ ድምፅ አታሰሙ ተብለናል። እሷም አልጮኸችም። ስትሞት ፊቷን አላየሁትም። ያችን ኮከብ ግን ስትሞት አያችኋት። እንኳን አያችኋት።»

ሌላውን እጄን በእጃቸው ላይ ደረብሁት።

ጦርነቱ ሲያልቅ ልጃቸው ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ፀሐይ ጠብሶት። ደረጃው ላይ የአባቴን ትከሻ ሳመ። ባልቴቷ በዚያው ዓመት ክረምት ዐረፉ፤ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ። የእኔ ግራፍም አለቀ። ነጥቦቹ ከፍ ብለው ወጥተው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። በመጨረሻዎቹ ምስሎች ላይ ጋላክሲዋ እንደማንኛዋም ጋላክሲ ሆነች። መምህርታችን «ሠርተሽዋል» አለችኝ፤ በዚያው በዚህ ሙያ ቀረሁ።

አራተኛው ፎቅ አሁን ወጣት ባልና ሚስት ተከራይተውታል። ሌላ ጦርነት መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ አዛካው ጮኸ። እናቴ «ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ» እያለች ቀደመች። ወጣቶቹም ከላይ እየሮጡ መጥተው በአጠገባችን አለፉ፤ አባቴ በዓይኑ አይቷቸዋል። እሱ ግን የሚያመውን ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። መዳፉን የባልቴቷ በነበረው በተዘጋው በር ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆመ፤ ከውስጥ የሚጠራው ሰው ካለ የሚያዳምጥ ይመስል። ልጠራው ፈልጌ ተውሁት። ሲጨርስ ዞር አለ፤ አብረን እንድንወርድ እጄን ዘረጋሁለት።